ሁለት በሬ፣ አንድ ኪቦርድ፦ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 7

የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ማሳ፣ አንድ ገበሬ፣ ሁለት በሬ። ተጫዋቹ በሬዎቹን እየነዳ ቀጥ ያለ ትልም ያወጣል። ችግሩም ጨዋታውም ያለው አንድ ሰው ሁለቱን በሬ በአንድ ጊዜ መንዳቱ ላይ ነው። ግራ እጅ ለግራው፣ ቀኝ እጅ ለቀኙ። በቀንበር ስለተያያዙ አንዱ ቢቀድም ጥማዱ ይዞራል፣ ትልሙም ይጣመማል።

የምሠራው ጎዶት 4.4 በሚባል የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሳያጉረመርም ይሄዳል። በሬዎቹ ለጊዜው ሁለት ሬክታንግል ናቸው። ግራጫው ዳልቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ቦራ። በመካከላቸው 64 ፒክስል ርዝመት ያለው ቀንበር አለ፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 80 ፒክስል።

ቁልፎቹን እንዲህ አሰርኳቸው። ዳልቻ በደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ይነዳል። ቦራ በአራቱ ቀስቶች። ስፔስ ሲጫን ማረሻው መሬት ይገባል፣ ሲለቀቅ ይነሳል። በአንድ ምሽት አለቀ። እንዲህ በቀላሉ ሲያልቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

ኅዳር 12

የዳልቻን ስክሪፕት ኮፒ አድርጌ ለቦራ ሰጠሁት። ሁለቱም በደብልዩ ሄዱ። ቦራ ቀስቱን ጭራሽ አያውቀውም፤ ለካ የአክሽኖቹን፣ ማለት ቁልፎቹ የታሰሩባቸውን ትእዛዞች፣ ስም አልቀየርኩም።

በሁለት ስክሪፕት መቀጠል ስላልፈለግሁ አንድ አደረግኩት። በሬው ላይ አንድ የጽሑፍ ሳጥን አለ፤ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ተብሎ ይሞላል። ስክሪፕቱ ያን ቃል ከፊት ይቀጥልና የአክሽኑን ስም ያገኛል። ነገ ሦስተኛ በሬ ቢመጣ ኮድ አልነካም። ሦስት በሬ የሚጠምድ ሰው ባላውቅም።

ኅዳር 21

ሁለት ሌሊት በከንቱ ሄዱ።

ደብልዩንና ወደ ላይ የሚለውን ቀስት አብሬ ስጫን በሬዎቹ ይሄዳሉ። ያን እንደያዝኩ ስፔስ ስጫን ማረሻው አይገባም። ቀስቱን ስለቅ ይገባል። መጀመሪያ ጥፋቱን ኮዴ ላይ ፈለግሁ። የማረሻውን ስክሪፕት ሁለት ጊዜ እንደገና ጻፍኩ። በሦስተኛው ሌሊት ኪቦርዱ የሚልከውን ሁሉ ስክሪን ላይ እንዲያትም አደረግኩ። ደብልዩ መጣ። ቀስቱ መጣ። ስፔስ አልመጣም። ኖትፓድ ከፍቼ ሞከርኩት፣ እዚያም የለም። ጥፋቱ የጨዋታው ሳይሆን የኪቦርዱ ነው።

ላፕቶፑ አርጅቷል ብዬ መርካቶ ወረድኩ። የዩኤስቢ ኪቦርድ በ650 ብር፤ ሻጩ «ጌሚንግ ነው» አለኝ። ጌሚንግ ያሰኘው ከሥሩ የሚበራው ቀይ መብራት ብቻ መሆኑን ቤት ገብቼ ነው ያወቅኩት። ይኼኛው እንዲያውም ብሶ፣ ደብልዩ ከሁለት ቀስት ጋር ሲጫን አንዱን ቀስት ይውጠዋል።

ተናድጄ ፈታሁት። ከጀርባው አስር ቡሎን አለ፣ አንዱ በተለጠፈው ወረቀት ሥር ተደብቋል። ውስጡ ሦስት ስስ ላስቲክ ተደራርቧል። የላይኛውና የታችኛው ላይ ብርማ መስመሮች ተስለዋል፤ የመሃሉ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲጫን የላይኛው መስመር በቀዳዳው በኩል ከታችኛው ጋር ይነካካል። 104 ቁልፍ አለው። ወደ ቺፑ የሚገቡትን መስመሮች ቆጠርኩ፤ 26 ናቸው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። 18 መስመር በአንድ በኩል፣ 8 በሌላ በኩል፤ ቁልፎቹ መገናኛው ላይ ተቀምጠዋል። ቺፑ መስመሮቹን በየተራ እየፈተሸ የትኛው ከየትኛው እንደተነካካ ያያል። አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ ሲጫን ችግር የለም። ሦስት ቁልፎች የአንድ ሬክታንግል ሦስት ማዕዘን ላይ ከዋሉ ግን ኤሌክትሪኩ ዞሮ ይመጣና አራተኛውም የተጫነ ይመስላል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ስለማይችል ቺፑ ሦስተኛውን ቁልፍ ዝም ይለዋል። ጎስቲንግ ይሉታል። ውድ ኪቦርዶች ለየቁልፉ ዳዮድ፣ ማለት ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ስለሚያስገቡ ይኼ አያጋጥማቸውም። የእኔ ተጫዋቾች ግን ውድ ኪቦርድ የላቸውም። እኔም የለኝም።

ኪቦርዱን መልሼ ገጠምኩት። አንድ ቡሎን ተርፏል፤ መብራቱ ግን አሁንም ይበራል።

ታኅሣሥ 3

ሺፍት፣ ኮንትሮልና አልት በአብዛኛው እንደማይዋጡ አስተዋልኩ። ሁልጊዜ ከሌላ ቁልፍ ጋር ስለሚጫኑ ሠሪዎቹ መስመራቸውን ለይተው ነው የሚያስቀምጡላቸው። ኪቦርዱ የተጫኑትን ቁልፎች ዝርዝር በዩኤስቢ ሲልክም እነዚህ ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር፣ ግራና ቀኝ ስምንት ሆነው፣ የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ለሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ በተለመደው አሠራር ያለው ስድስት ቦታ ነው።

ስለዚህ ግራ ሺፍት ዳልቻን ወደፊት፣ ቀኝ ሺፍት ቦራን ወደፊት። ጎዶት ግራና ቀኝ ሺፍትን የሚለየው ከ4.3 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለቱም ለእሱ «ሺፍት» ብቻ ነበሩ። እንኳን አዲሱን አወረድኩ። ሞከርኩት። ስፔስ አልተዋጠም። ማረሻው ገባ። ደስ አለኝ፣ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 5

ደስታው ሁለት ቀን አልሞላም።

የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ መጥቶ ሞከረው። ልጅ ቁልፍ ይደበድባል እንጂ አይጫንም። ግራ ሺፍትን አምስት ጊዜ ደበደበ፤ ዊንዶውስ ጩኸት አሰምቶ «ስቲኪ ኪስ ላብራ ወይ?» የሚል ሳጥን አወጣ። ልጁ ስፔሱንም እየደበደበ ስለነበር «አዎ» ብሎ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀኝ ሺፍትን ጭኖ ያዘ። ቀኝ ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ከተያዘ ፈጣንና ተደጋጋሚ ንክን ችላ የሚል፣ ፊልተር ኪስ የሚባል ነገር ላብራ ወይ የሚል ሌላ ሳጥን ይመጣል። እሱንም ተቀበለው። ቦራን ቀጥ አድርጎ ለመንዳት ስምንት ሰከንድ የግድ ነው!

በማግስቱ በዚሁ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ ፊደሎቹ ተቀያየሩብኝ። ሺፍት አንዴ ከነካሁ ለሚቀጥለው ቁልፍ ተጣብቆ ይቆያል። ግማሽ ሰዓት ቫይረስ ስፈልግ ቆየሁ።

ሴቲንጉን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ተጫዋቹን ሁሉ «መጀመሪያ ኮምፒውተርህን አስተካክል» ልለው አልችልም። ደግሞም ሁለት ቁልፍ አብረው መጫን ስለሚቸግራቸው ስቲኪ ኪስ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ሺፍት ቀረ።

ታኅሣሥ 15

ለጊዜው ወደ ደብልዩና ቀስቶቹ ተመለስኩ። ማረሻውን ወደ ግራ ኮንትሮል ወሰድኩት። አይመችም፣ ግን አይዋጥም። እንዲህ ሆኖ ለጓደኛዬ ላክሁለት።

ማታ ደወለ። «በሬዎችህ ይዞራሉ» አለኝ። ቪዲዮ ላከ። እውነትም ዳልቻ ቆሟል፣ ቦራ ብቻውን ይሄዳል፣ ጥማዱ ዳልቻን እንደ ምሰሶ ይዞ ይዞራል። ማሳ ብዬ የላክሁት አውድማ ሆኖ ቁጭ አለ። እህል እንዲያበራዩ ቢፈለግ ኖሮ ጨዋታው ተጠናቋል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ጓደኛዬ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ እንዳደረገው ነው የከፈተው። ጎዶት ቁልፍ ሲታሰር ሦስት ምርጫ ይሰጣል። በፊደሉ የላቲን አቻ፣ በቁልፉ ቦታ፣ ወይም ቁልፉ ላይ ባለው ጽሑፍ። ሳልነካው ብተወው ቦታውን ይወስድ ነበር። እኔ ግን የማስተካከያው ገጽ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታያል ብዬ ሦስተኛውን መርጬ ነበር። አማርኛ ሲበራ የደብልዩ ቁልፍ ጽሑፉ «ው» ነው፤ የኤ «አ»፣ የኤስ «ስ»። ዳልቻ ደብልዩ እየጠበቀ ቀረ። ቀስቶቹ በየትኛውም ቋንቋ ቀስት ስለሆኑ ቦራን የነካው የለም።

ስምንቱንም በቦታ አሰርኳቸው። ተጫዋቹ የሚያየው ጽሑፍ ብቻ በኪቦርዱ ቋንቋ ይወጣል። «ዳልቻ፦ ው» የሚል ገጽ ሳይ ሳቄ መጣ፤ ግን ትክክል ነው። ጀርመን ያለ ሌላ ወዳጄም ሞከረው። እዚያ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ እኔ ሁለቱንም ስለማልጠቀም ልዩነቱን አላየውም።

በዚያው ሳምንት አንድ ሌላ፦ ቁልፍ ይዤ ሳለ የቴሌግራም መልእክት ይመጣል፣ በአልትና ታብ እሄዳለሁ፣ ስመለስ በሬው ራሱን ችሎ እያረሰ ነው። የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ የራሴን መዝገብ እይዝ ነበር፤ ቁልፉን የለቀቅኩት ሌላ መስኮት ላይ ስለሆነ መዝገቡ አልሰማም። አሁን መስኮቱ ትኩረት ሲያጣ መዝገቡን ባዶ አደርገዋለሁ። ሦስት መስመር ኮድ ነው።

ታኅሣሥ 26

ጌምፓድ። ሁለት ርካሽ የዩኤስቢ ጌምፓድ በ1,800 ብር ገዛሁ፣ አንዱ ለአንድ በሬ ብዬ። ቤት ስደርስ ነው ያሰብኩት፦ አንዱ ጌምፓድ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ሁለት ስቲክ አለ! ግራው ለዳልቻ፣ ቀኙ ለቦራ። 900 ብሩ ያለ ሥራ ተቀመጠ።

እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ ጥሩው ይኼ ነው። ስቲኩን በትንሹ ገፋ ስታደርገው በሬው በዝግታ ይሄዳል፤ ኪቦርድ ላይ ግን መሄድና መቆም ብቻ ነው ያለው። ችግሩ የቀኙ ስቲክ ሲለቀቅ መሃል አይመለስም፤ ቦራ ማንም ሳይነካው ያዘግማል። የሞተውን ክልል፣ ማለት የስቲኩ ትንሽ እንቅስቃሴ እንደሌለ የሚቆጠርበትን መጠን፣ ወደ 0.25 ከፍ ሳደርገው ቆመ።

ግን ስንት ሰው ጌምፓድ አለው? ከሰጠኋቸው ሰባት ሰዎች አንዱ ብቻ ነው ያለው። ኪቦርዱ ካልተስተካከለ ጨዋታው የለም።

እስካሁን የወጣ፦ ኪቦርድ 650፣ ጌምፓድ 1,800፣ የመርካቶ ትራንስፖርት 120። ድምሩ 2,570 ብር። ለሁለት ሬክታንግል።

ጥር 13

ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከጎጃም ለሰርግ መጥተው እኛ ቤት አርፈዋል። ማታ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። የእህቴ ልጅ እየተጫወተ ነው። በሬዎቹ ይጋጫሉ፣ ይጎተታሉ፣ ትልሙ እባብ ሆኗል።

«ይኼ ምንድነው?»

«እርሻ ነው ጋሼ። ይኼ ግራው፣ ይኼ ቀኙ።»

«ታዲያ ምን አጣላቸው?»

አሠራሩን ላስረዳ ሞከርኩ። በዚህ እጅ ይኼን፣ በዚህ እጅ ያን።

«አንተ ልጅ፣ ለየብቻ ነው እንዴ የምትነዳቸው?»

«አዎ። በሁለት እጅ።»

«እርፉን ማን ይዞልህ?»

መልስ አልነበረኝም። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። አንዱ እጅ እርፉ ላይ፣ አንዱ ጅራፉ ላይ። «በሬ መሄዱን ይሄዳል፣ የለመደው ነው። አንተ የምትናገረው የሚያጠፋውን ብቻ ነው» አሉና ወደ ሶፋቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቦራን በቀኝ ማድረግህ ደግ። የኔም ቦራ ቀኝ ነው የለመደው» አሉ።

ሌሊቱን ስምንቱንም አክሽን አጠፋሁ። ሦስት ቁልፍ ብቻ ቀረ።

ስፔስ ለሁለቱም ነው። አንዴ ሲነካ ይሄዳሉ፣ እንደገና ሲነካ ይቆማሉ፤ ይዞ መቆየት የለም። ኤፍ ዳልቻን ይገታል። ጄ ቦራን ይገታል። ኤፍና ጄን የመረጥኳቸው በጣት የሚዳሰስ ጭረት ስላላቸው ነው፤ ተጫዋቹ ኪቦርዱን ሳያይ ያገኛቸዋል። ጥማዱ ወደ ቀኝ ካዘመመ ግራውን፣ ወደ ግራ ካዘመመ ቀኙን መግታት። የትልሙ ጫፍ ላይ ለመዞር አንዱን ገትቶ መያዝ፤ ሌላው በዙሪያው ይሄድና ጥማዱ ይመለሳል። ውጪኛው በሬ ግማሽ ክብ ለመሄድ 201 ፒክስል ያህል ይጓዛል፣ በ80 ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ተኩል መሆኑ ነው። ከዚህ ቢፈጥን የሚሮጡ ይመስላሉ፤ ባለበት ተውኩት። ማረሻው ሲዞሩ ራሱ ይነሳል፣ ቀጥ ሲሉ ይገባል። ኮንትሮልም ቀረ።

ቁልፍ የሚውጠው ኪቦርድ ችግርም እንዲሁ ተረሳ። ኤፍና ጄ አብረው ቢጫኑ ሁለቱም በሬዎች ይቆማሉ፤ ያን ደግሞ ስፔስ ያደርገዋል። ሦስት ቁልፍ አብሮ ይዞ የሚቆይበት ምክንያት ስለሌለ የሚዋጥ ቁልፍም የለም። አንድ ቡሎን የጎደለው ባለ 650 ብሩ ኪቦርድ ላይ ያለ እንከን ይሠራል።

ጥር 15

ጋሼ ራሳቸው ሞከሩት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአንድ ጣት ጄን ይነካሉ፣ ሌላ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሁለት ትልም ቀጥ አድርገው አወጡ። ስፔሱን ሲነኩ በአፋቸውም ያፏጫሉ።

አንድ ስህተት አሳየኋቸው። ጥማዱ ሲዞር የሚቀጥለው ትልም ከመጀመሪያው 64 ፒክስል ርቆ ነው የሚወድቀው፣ ማለት የቀንበሩን ርዝመት ያህል። በመካከል ያልታረሰ መሬት ይቀራል። የሚቆመውን በሬ ወደ ኋላ በማስኬድ ላጠብበው አስቤ ነበር። «ቀንበር ተሸክሞ ወደ ኋላ?» አሉ። «ተወው። ሁለተኛ ስታርስ አግድም ትገባበታለህ።»

እውነት ነው። የኛ ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልሞቹ መካከል ሁልጊዜ ያልተነካ ይተርፋል። ለዚህ ነው በቁም ታርሶ በአግድም የሚደገመው፤ ጤፍ ሲሆንማ ከዚያም በላይ ይመላለሳሉ። ስህተቱን አላረምኩም። ሁለተኛ ደረጃ አደረግኩት፤ መጀመሪያ በቁም፣ ቀጥሎ በአግድም።

ጥር 22

ልኬት። ያው ልጅ፣ ያው ማሳ፣ ስድስት ትልም። በስምንቱ ቁልፍ ታኅሣሥ ላይ ሰባት ደቂቃ ፈጅቶበት ነበር፤ አሁን ሦስት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ። አንድ ልጅ ስለሆነና መልመድም ስላለበት ብዙ አልተማመንበትም። ግን አሁን ተነስቶ አይሄድም፣ እሱን አያለሁ።

ቁልፍ የመቀየሪያ ገጹን ጨረስኩ። ተጫዋቹ የመረጠው ፋይል ላይ ይቀመጣል፤ ሲከፈት የድሮው ተሰርዞ አዲሱ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን መሰረዙን ረስቼ ሁለቱም ይሠሩ ነበር። ልጁ ደግሞ ሦስቱንም ሥራ ለስፔስ ሰጣቸው፤ አንዴ ሲነካ በሬዎቹ ይሄዳሉም ይገታሉም። አሁን ቁልፉ ከተያዘ ገጹ «ይኼ የቦራ ነው» ብሎ ይመልሳል።

የቀረ አንድ ችግር ነበር። አንዳንዴ ስፔስ ሲነካ ጨዋታው ከዜሮ ይጀምራል። ጎዶት ላይ ስፔስ ከመጀመሪያው ስክሪኑ ላይ ያለን በተን «እሺ» ለማለት ታስሯል። «እንደገና» የሚለው በተን በማውዝ ከተነካ በኋላ ትኩረቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ተጫዋቹ በሬዎቹን ሂዱ ሲል በተኑም ይሰማል። በተኑ ትኩረት እንዳይቀበል አደረግኩት።

ጋሼ ትናንት ከአገር ቤት ደወሉ። ቦራ አሁንም በቀኝ መሆኑን ጠየቁ። ነው አልኳቸው።